በሐምቡርግ ከተማ እንግዳ ስለ መሆንና ስለ መኖር

ወደ ጀርመን አገር ለትምህርት፥ ለሥራ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ብርዱና ስለ ቋንቋው ነው። ብርዱን ካፖርት ይመልሰዋል፤ ቋንቋውም በትጋት ይለመዳል። ዳሩ ግን እንግዳን ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው የከተማውን ሥርዓት አለማወቁ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሐምቡርግን ምሳሌ አድርገን፥ እንግዳ የሆነ ሰው በታላቅ የጀርመን ከተማ እንዴት ሊጎበኝና ሊኖር እንደሚገባው እናስረዳለን። የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሐምቡርግ ከበርሊን ቀጥላ በጀርመን ሁለተኛዪቱ ታላቅ ከተማ ናት፤ የሕዝቧም ቁጥር ከ1 ሚሊዮን 800 ሺህ ይበልጣል። የቆመችው በኤልበ ወንዝ ዳር ነው። ከሰሜን ባሕር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም፥ ታላላቅ መርከቦች ወንዙን ይዘው እስከ ወደቧ ይገባሉ።

ይህች ከተማ ብዙ መከራ አይታለች። በ1842 ዓ. ም. የተነሣው እሳት ከጥንቱ ከተማ አንድ ሦስተኛውን ያህል በላ። በ1892 ዓ. ም. ኮሌራ ገብቶ ከ8 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ፈጀ። በዚያን ጊዜ ሐምቡርግ የወንዙን ውሃ ሳታጣራ ለሕዝቧ ታጠጣ ነበር፤ ጎረቤቷ አልቶና ግን ውሃዋን በአሸዋ ታጣራ ስለ ነበር በሽታው እጅግ ቀለለላት። ሥርዓት መኖሩና አለመኖሩ፥ ጎን ለጎን በሚኖሩ ሰዎች መካከል ሞትንና ሕይወትን እንደሚለይ ሐምቡርግ በራሷ ላይ አይታዋለች። በ1943 ዓ. ም. ደግሞ በአውሮፕላን ቦምብ ከ30 ሺህ በላይ ሰዎች አለቁ፤ በ1962 ዓ. ም. የመጣውም ጎርፍ ከ300 በላይ ሰዎችን ወሰደ። ዛሬ የሚታየው ያማረ ከተማ ከዚህ ሁሉ በኋላ የታነጸ ነው።

ለጉብኝት የሚመጡ ከሆነ በወደቡ ይጀምሩ። ላንዱንግስብሩከን ከሚባለው የጀልባ ማረፊያ የሚነሣው የ62 ቁጥር ጀልባ የከተማው ማመላለሻ ስለ ሆነ፥ የባቡሩና የአውቶቡሱ ቲኬት ለእርሱም ያገለግላል። በዚያው አጠገብ በ1911 ዓ. ም. የተከፈተና ከወንዙ ሥር የሚያልፍ መሿለኪያ አለ፤ እግረኛ ያለ ክፍያ ይሻገርበታል። በቀይ ጡብ የተሠሩትን የሽፓይኸርሽታት የጥንት መጋዘኖች፥ በ2017 ዓ. ም. የተመረቀውንም ታላቅ የሙዚቃ አዳራሽ መጎብኘት ይገባል። ወደ አሜሪካ የተሰደዱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አውሮጳውያን መርከብ የተሳፈሩት ከዚህ ወደብ ነበር፤ መታሰቢያ ሙዚየማቸውም በፌደል ሰፈር ይገኛል። በባቡር ጣቢያ ግን በር ባያግድዎ፥ ቲኬት አያስፈልግም ብለው አይሳቱ። ተቆጣጣሪው በድንገት ይመጣል፤ ያለ ቲኬት የተገኘም 60 ኤውሮ ይከፍላል።

ለመኖር ለሚመጣ ሰው ግን ነገሩ ይከብዳል። የመጀመሪያው ጭንቅ ቤት ነው። ኪራይ ሲጠየቁ፥ «ካልትሚተ» የባዶው ቤት ኪራይ፥ «ቫርምሚተ» ግን ማሞቂያንና የመሳሰለውን ወጪ የጨመረ መሆኑን ይለዩ። በመያዣነት የሚሰጠው ገንዘብ በሕግ ከሦስት ወር የባዶ ቤት ኪራይ አይበልጥም፤ ተከራዩም በሦስት ወር ከፍሎ ሊሰጠው ይችላል። ቤቱን በዓይንዎ ሳያዩና ውል ሳይፈርሙ ለማንም ገንዘብ አይላኩ፤ በዚህ መንገድ ጥሪቱን ያጣ እንግዳ ጥቂት አይደለም።

ሁለተኛው «አንሜልዱንግ» የሚባለው የመኖሪያ ምዝገባ ነው። ሰው ቤት ከገባ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ መመዝገብ ግዴታው ነው፤ ለዚህም አከራዩ መግባቱን የሚመሰክር ወረቀት ሊሰጠው ይገባል። ይህን ነገር እንደ ትንሽ አይቁጠሩት። የግብር መለያ ቁጥር በፖስታ የሚደርሰው ከዚህ ምዝገባ በኋላ ነው፤ በባንክም ሆነ በሌላ ቢሮ የምዝገባው ወረቀት ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። «አልጋ እንጂ ምዝገባ አልሰጥም» የሚል አከራይ ቢያጋጥምዎ፥ የሚሰጥዎ ግማሽ ቤት መሆኑን ይወቁ። ከዚህም ጋር የጤና ኢንሹራንስ መያዝ በአገሩ ለሚኖር ሁሉ ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ደብዳቤ ነው። በጀርመን አገር የመንግሥት ቢሮ ከሰው ጋር የሚነጋገረው በይበልጥ በጽሑፍ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የወሰነብዎን ለመቃወም ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው አንድ ወር ብቻ ነው። ቋንቋው ስለ ከበደው ፖስታውን ሳይከፍት በመሳቢያ የሚያከማች ሰው፥ መብቱን አብሮ ይቀብራል። በተለይ የመድረሻው ቀን የተጻፈበት ቢጫ ፖስታ ሲመጣ፥ በዚያው ቀን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ አገር የተነገረ ይመስላል።

አራተኛው ጉርብትና ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ጸጥታ ይጠበቃል። እሑድ ሱቆች በአብዛኛው ይዘጋሉና ስንቅዎን ቅዳሜ ይግዙ። ወረቀቱን፥ ጠርሙሱንና የወጥ ቤቱን ቆሻሻ ለየብቻ ይጣሉ። ጎረቤት ሳይጠራ አይመጣም፤ ይህ ግን ጥላቻ አይደለም። አዲስ የገባ ሰው በር አንኳኩቶ ስሙን ቢናገር፥ አብዛኛውን ጊዜ በመልካም ፊት ይቀበሉታል።

በመጨረሻም፥ ሐምቡርግ ለእኛ ፈጽማ ባዕድ አይደለችም። በ1919 ዓ. ም. በተቋቋመው ዩኒቨርሲቲዋ ግዕዝና የኢትዮጵያ ታሪክ ይጠናሉ፤ ስለ ኢትዮጵያ የሚናገረውና በአምስት ቅጽ ከ2003 እስከ 2014 ዓ. ም. የታተመው ታላቅ መዝገበ ዕውቀትም የተሰናዳው በዚያ ነው። እነርሱ ፊደላችንን በትዕግሥት ቆጥረው ከተማሩ፥ እኛም ሥርዓታቸውንና ቋንቋቸውን ለመማር ልንሰንፍ አይገባንም። ደንቡን ያወቀ እንግዳ ውሎ አድሮ ባለቤት ይሆናልና።