ነፃ ገበያን ለመማር ከሥራችሁ ጀምሩ

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «ስለ ነፃ ገበያ ማንበብ እፈልጋለሁ፤ ግን ሥራ አለብኝ፣ ከየት ልጀምር?» ትሉኛላችሁ። መልሴ አጭር ነው፦ ከሥራችሁ ጀምሩ።

እኔ የምሠራው የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ድርጅት ግዢ ክፍል ውስጥ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት የዶላር ይፋዊ ዋጋ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቁር ገበያ ግን ከ100 ብር አልፎ ነበር። በ57 ብር ዶላር የማይፈልግ የለም፤ የሚሸጥ ግን ከየት ይምጣ? ስለዚህ ወረፋ ሆነ። ለፍሬን ሸራ ፕሮፎርማ እናስገባለን፤ ተራችን ሳይደርስ የፕሮፎርማው ቀን ያልፋል፤ አቅራቢው ዋጋ ይጨምራል፤ እንደገና ከሀ እንጀምራለን። የቢሮው ጥያቄ ሁሉ «ባንክ ውስጥ ሰው አለህ ወይ?» ነበር።

ኢኮኖሚስቱ ፍሪድሪክ ሃየክ እ.ኤ.አ. በ1945 ያሳተመውን ስለ ዕውቀትና ገበያ የሚያወራ አጭር ጽሑፍ ያነበብኩት በዚያው ሰሞን ነው። ጋራዥ ያለው ሰው የሚያውቀውን፣ ዱባይ ያለው አቅራቢ የሚያውቀውን፣ ሾፌሩ የሚያውቀውን አንድ ቢሮ ሰብስቦ ሊይዘው አይችልም፤ ዋጋ ግን በአንዲት ቁጥር ለሁሉም ያደርሰዋል ይላል። ዋጋው በትእዛዝ ሲታሰር እጥረቱ አይጠፋም፤ ወደ ወረፋና ወደ ትውውቅ ይዞራል። ዋጋን በትእዛዝ ማሰር ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በደርግ ዘመን ገበሬው እህሉን በኮታና በተቆረጠ ዋጋ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር፤ በ1982 ኮታውን ያነሣው ያው ደርግ ራሱ ነው።

ሁለተኛው መምህሬ ፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ባስቲያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 የጻፈው ስለሚታየውና ስለማይታየው ነው፤ እኛ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የምንለው ማለት ነው። በ2015 ለ38 ዓይነት ዕቃዎች ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) እንዳይከፈት ሲታገድ የሚታየው የተቆጠበው ዶላር ነበር። ሥራ የፈታው ሻጭና በኮንትሮባንድ የገባው ዕቃ ግን በሪፖርት ላይ አይታዩም። ዛሬ ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ሲቀርብ መጀመሪያ የምጠይቀው «ያልታየው ወጪ የማን ነው?» ብዬ ነው። በሥራዬ ከዚህ በላይ የጠቀመኝ ጥያቄ የለም።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። ነፃ ገበያ ማለት ለነጋዴ መወገን አይደለም። አዳም ስሚዝ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1776 በአንድ ዘርፍ ያሉ ነጋዴዎች ሲገናኙ ዋጋ ለማስወደድ እንደሚመካከሩ አስጠንቅቋል። ነፃ ገበያን የሚደግፈው የሊበርታሪያን ሐሳብ ልቡ፣ ማንም ሰው ሌላውን ሳያስገድድና ሳያታልል ሠርቶ የመኖር መብት አለው የሚለው ነው። አዲስ ለሚገባ ነጋዴ በሩ ክፍት ይሁን፣ ፈቃድም የባለጊዜ ስጦታ አይሁን ማለት ነው። ብር ሲለቀቅ ደመወዝተኛው ክፉኛ ተጎድቷል፤ ይህን የማይናገር የነፃ ገበያ ደጋፊ አይታመንም። እኔ የምለው፣ ዋጋው ታስሮ በቆየ ቁጥር ሲፈታ የሚያመው የበለጠ ነው።

መጀመር ለምትፈልጉ፦ የሊዮናርድ ሪድ «እኔ፣ እርሳስ» (እ.ኤ.አ. 1958) በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ከዚያ ባስቲያን፣ ከዚያ ሃየክን አንብቡ። ያነበባችሁትን በማግስቱ መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ባለ አንድ ዋጋ ወይም አንድ ወረፋ ላይ ሞክሩት። ካላስረዳችሁ ሐሳቡን ተጠራጠሩት፤ ካስረዳችሁ ደግሞ ቀጥሉበት።