ለሙቀት የተሠራ ቤት፣ ቁር ሲመጣበት

የካቲት 8 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2021)፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ የቴክሳስን የኤሌክትሪክ መረብ የሚመራው ኤርኮት መብራት እንዲቆረጥ አዘዘ። የታሰበው በፈረቃ ነበር። ፈረቃን አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ የቴክሳሱ ግን ሳይዞር ቀረና አንዴ የጨለመ ሰፈር ለቀናት ጨለማ ውስጥ ከረመ። በማግስቱ በዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ የተለካው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና የንግድ ተቋማት መብራት አጡ። መረቡ ጨርሶ ሊወድቅ የቀረው 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ብቻ እንደነበር ኋላ ላይ ተነገረ። የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት በአደጋው ሞቱ ብሎ የመዘገባቸው ሰዎች 246 ናቸው፤ ከእነሱ 161ዱን የገደላቸው ብርዱ ራሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ መብራቱ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተሠርቷል። ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ተመሳሳይ ውርጭ መጥቶ የፌዴራል ተቆጣጣሪዎች ማመንጫዎቹ ለብርድ እንዲዘጋጁ መክረው ነበር፤ ግዴታ ስላልሆነ ምክሩ ሰሚ አጣ። ማመንጫዎቿን ከ2011 በኋላ ያዘጋጀችውና ከምዕራቡ መረብ ጋር የተያያዘችው ኤል ፓሶ ግን በ2021 እምብዛም አልጨለመችም። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አገረ ገዢው ግሬግ አቦት የፈረሙት ሕግ ዝግጅቱን ግዴታ አደረገው፤ ተቆጣጣሪ ሄዶ ያያል፣ ያልፈጸመ ይቀጣል። በ2024 ጃንዋሪ ብርቱ ብርድ ሲመጣ መረቡ መብራት ማስቆረጥ ሳያስፈልገው አለፈ። ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ማመንጫው የተጠየቀውን ያህል ቤቱ አለመጠየቁ ነው። ሰው የሚበርደው፣ ቧንቧ የሚፈነዳው፣ ጭስ የሚያፍነው ቤት ውስጥ ነውና።

የቴክሳስ ቤት የሚሠራው ለበጋው ንዳድ ነው። አብዛኛው መሬት ላይ በፈሰሰ ኮንክሪት ላይ ይቆማል እንጂ ምድር ቤት የለውም። ስለዚህ በብዙ ቤቶች የውሃው መስመር የሚሄደው ከኮርኒሱ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ባለው ባዶ ቦታ ወይም በውጭው ግድግዳ ውስጥ ነው። ሙቀት እንዳያመልጥ የሚደረገው መከላከያ የሚነጠፈው ኮርኒሱ ላይ ነው፤ ከእሱ በላይ የሚያልፍ ቧንቧ ደጅ እንዳደረ ይቆጠራል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቤት የሚሞቀው በኤሌክትሪክ ነው። በጋዝ የሚሞቀውም ቢሆን ሙቀቱን ወደ ክፍሎቹ የሚነፋው ማራገቢያ ያለ መብራት አይሠራም።

ቧንቧው እንዴት እንደሚፈነዳ ማወቅ ይጠቅማል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ብዙ ሰው በረዶው ራሱ ብረቱን የሚሰነጥቀው ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚቀደደው በረዶው ካለበት ቦታ ወዲህ ነው። በበረዶው ውታፍና በተዘጋው የቧንቧ አፍ መካከል የታሰረው ውሃ መውጫ ያጣል፣ ግፊቱ ይንራል፣ ደካማውን ቦታ ፈልጎ ይወጣል። ሌሊቱን ቧንቧ ትንሽ ከፈት ተደርጎ ይንጠብጠብ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ጠብታዋ ግፊቱን ታስተነፍሳለች። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጠንቀቅ የሚያስፈልግበትን ወሰን ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ አካባቢ አድርገውታል። ጉዳቱ የሚታየው ደግሞ ብርዱ ሲለቅ፣ በረዶው ሟሙቶ ኮርኒሱ ርሶ ሲወርድ ነው።

በ2021 ይህ ምክር ራሱ ተፈተነ። ሁሉም ሲያንጠባጥብ፣ የፈነዳውም ሲፈስ የከተማው ውሃ ግፊት ወደቀ፤ ሂውስተን ነዋሪዎቿን ቧንቧ ክፍት አትተዉ እስከማለት ደረሰች። ያን ጊዜ የሚቀረው ዋናውን መስመር ዘግቶ በቤት ውስጥ ያለውን ውሃ በየቧንቧው አፍስሶ መጨረስ ነው። መዝጊያው ብዙውን ጊዜ መንገድ ዳር መሬት ውስጥ ባለው የቆጣሪ ሣጥን ነው፤ ለመዝጋትም መፍቻ ይጠይቃል። ውሃ ከላይ እየፈሰሰ፣ በጨለማ፣ መፍቻ ፍለጋ አይያዝም። በኅዳር ከፍቶ ማየት፣ ዘግቶ መሞከር፣ መፍቻውን የቤቱ ሰው ሁሉ በሚያውቀው ቦታ ማስቀመጥ ነው። የደጁን ቧንቧ መሸፈንና ከኮርኒስ በላይ ያለውን በስፖንጅ መጠቅለልም በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው።

ከሁሉ አብልጬ ለወገኖቻችን መናገር የምፈልገው ስለ ጭስ ነው። ከ246ቱ ሟቾች 19ኙ በካርቦን ሞኖክሳይድ የሞቱ ናቸው። በሂውስተን ከኢትዮጵያ የሄደ አንድ ቤተሰብ መብራት ጠፍቶበት ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስቶ ነበር፤ እናትና ሴት ልጇ ሞቱ። እኛ ከሰል ውጭ አቀጣጥለን፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ ፍሙን ወደ ቤት ማስገባት ልማዳችን ነው። ዐይን የሚያቃጥለው ጭስ ሲያልቅ አደጋውም ያለቀ ይመስላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ ቀይ ፍም ሆኖ የሚያበራው ከሰል እስኪከስም ድረስ ያወጣዋል። በር መስኮቱ ብርድ እንዳያስገባ በብርድ ልብስ በተወተፈበት ክፍል ውስጥ ምድጃ ማስገባት፣ ጋራዥ ውስጥ ጄኔሬተር ወይም መኪና ማስነሣት፣ የምግብ ማብሰያ ጋዝ ለኩሶ መሞቅ አንድ ናቸው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ወዲያው ውጭ መውጣት ነው፣ ብርድ ነው ሳይሉ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ርካሽ ነው፤ በ2021 በቴክሳስ በየቤቱ እንዲኖር የሚያስገድድ የግዛት ሕግ ግን አልነበረም።

ስለ ቧንቧው ያልኩት የቤት ባለቤት ለሆነ ነው፤ ተከራይ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ቧንቧ አይነካም፤ የአፓርታማው ዋና መዝጊያም በእጁ አይደለም። በቴክሳስ ሕግ ኪራዩን ያላጓደለ ተከራይ ካመለከተ፣ ጤናና ደኅንነት የሚጎዳ ጉድለትን አከራዩ ለመጠገን መጣር አለበት። የማይሠራ ማሞቂያን ብርዱ ሳይደርስ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ቅጂውንም መያዝ ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ ለማይጽፉ እናቶችና አባቶች ደብዳቤውን መጻፍ የየዕድሩና የየቤተ እምነቱ ወጣቶች ሥራ ቢሆን እመኛለሁ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ስምና ስልክ፣ መብራት ከጠፋ ማን ዘንድ እንደሚሄዱም አብሮ ይጻፍ።