ስለ ባተን በሽታ ታውቃላችሁ?

ልጅ ሲታመም «የእናቱ ኃጢአት ነው» የሚሉ ሰዎች ሰምቼ በጣም አዝኜ ነበር። ለዚህ ነው ይህን የጻፍኩት።

ባተን ከወላጅ የሚወረስ፣ ብዙ የማያጋጥም የአንጎል በሽታ ነው። አንዱ ዓይነት ደህና የነበረን ልጅ ከ2 እስከ 4 ዓመቱ ይጀምረዋል። መጀመሪያ ይጥለዋል፤ ከዚያ መናገር፣ መራመድና ማየት እያቃተው ይሄዳል።

አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ፒተር ሎቤልና ዴቪድ ስሊት የሚባሉ ሳይንቲስቶች በዚህ በሽታ የሞቱ ልጆችን የአንጎል ፕሮቲን ከሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። ከታማሚዎቹ አንድ ፕሮቲን ጎድሏል! በ1997 እ.ኤ.አ. ኢንዛይም መሆኑን አሳወቁ። ሥራው የሴልን ቆሻሻ መፍጨት ነው። እሱ ከሌለ ቆሻሻው እንደማይጠረግ ሰፈር ይከማችና የአንጎል ሴሎች ይሞታሉ።

ልጁ የሚታመመው የተበላሸውን ጂን ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው። እነሱ ግን አንድ አንድ ደህና ጂን ስላላቸው አይታመሙም።

በ2017 እ.ኤ.አ. የጎደለውን ኢንዛይም የሚተካ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ። በየ2 ሳምንቱ አንጎል ውስጥ ይሰጣል። ጨርሶ አያድንም፤ ልጁ ቶሎ መራመድ እንዳያቆም ግን ይረዳል።

ታዲያ ጓደኞቼ፣ ሎቤልና ስሊት ያገኙት የጎደለ ኢንዛይም እንጂ የማንም ኃጢአት አይደለም። እናትን አንውቀስ። ቸር ሰንብቱ!