የገብስ መብል አሰናዳድ በደብረ ታቦርና በጉና ዙሪያ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ከእርስዋ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለው የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ወደ ጉና በወጡ መጠን ብርዱና ውርጩ ለጤፍ ስለማይመች፣ ዛሬ ድንች ቢጨመርበትም፣ የባላገሩ ኑሮ ከጥንት ጀምሮ የተመሠረተው በገብስ ላይ ነው። ቶሎ የሚደርሰው ገብስ ጎተራ በሚራቆትበት በመስከረም ስለሚደርስ፣ እሸቱ በእሳት ተለብልቦና ታሽቶ ይበላል። «ገብስ የእህል ንጉሥ» የሚለው አነጋገር የታወቀ ሆኖ ሳለ በከተማ ማዕድ ላይ ንጉሡ ጤፍ ነው። ገብስን ዝቅ አድርጎ ማየት ሥራውን ካለማወቅ የመጣ ይመስለኛል።

የሥራው ክብደት ከቅርፊቱ ነው። የስንዴ ገለባ በውቂያ ጊዜ ሲለይ፣ የገብስ ቅርፊት ከፍሬው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ ባለቤቲቱ እህሉን በጥቂት ውሃ አርሳ በሙቀጫ ትፈትገዋለች፤ አስጥታም በሰፌድ ታበጥረዋለች፤ ፍሬው እስኪነጣም ትደጋግመዋለች። ቅርፊቱን በቀላሉ የሚለቅ ዐይነትም አለ፤ «ሰነፍ ቆሎ» ይባላል። ስንፍናው የእህሉ ይሁን የባለሙያዋ ስሙ አይገልጥም።

ለበሶ የተፈተገው ገብስ በምጣድ ተቆልቶ ይልማል። ቆላው ሁለት ነገር ይፈጽማል፤ ፍሬውን ያበስለዋል፣ እርጥበቱንም ያወጣለታል። በመሆኑም ዱቄቱ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ለመበላትም እሳት አይፈልግም። በውሃና በጨው፣ በፍስክ ጊዜም በቅቤ ይታሻል። የመንገደኛና የወታደር ስንቅ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጎተት ስለ መድፉ ብዙ ተጽፏል፤ የኢትዮጵያን ጦር እየተከተሉ ስንቅ ይፈጩ ስለነበሩት ሴቶች ግን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው።

ገንፎው፣ በተለይ ለወላድ የሚሰናዳው፣ እንዲሁም ቅንጬውና ቂጣው በሌላም አገር የታወቁ ስለሆኑ አላተትባቸውም። እንጀራው ቶሎ ስለሚደርቅ ሲቻል ከጤፍ ጋር ይደባለቃል።

ጠላ ግን ሐተታ ይገባዋል። ብቅሉ የሚገኘው ገብሱ ተዘፍዝፎ፣ በቅጠል ላይ ተሸፍኖ ሲበቅልና ሲደርቅ ነው። በመብቀሉ ጊዜ በፍሬው ውስጥ የሚፈጠረው ኃይል የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ስኳሩም ፈልቶ መጠጥ ይሆናል። አጥቁሮ የተቆላው ደረቆት ይህ ኃይል በእሳት ስለጠፋበት የሚሰጠው መልክና ጣዕም ነው። ብቅልና ደረቆት ከአንድ ጎተራ ወጥተው ሁለት ልዩ ተግባር ይፈጽማሉ፤ ጠማቂዋም ይህን የምታውቀው ያለ ኬሚስትሪ ነው።

ሩስያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን በጎበኘ ጊዜ የገብሷ ዐይነት መብዛት አስደንቆታል። ከዚያም በኋላ ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጨውን ቫይረስ የመቋቋም ጠባይ ከኢትዮጵያ ገብስ ተወስዶ በውጭ አገር ዘሮች ውስጥ ገብቷል። ለዚህ ልዩ ልዩነት አየሩና አፈሩ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን ማጀቱም ሊቆጠር ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ነጩ ለእንጀራና ለገንፎ፣ ጥቁሩ ለጠላ ይመረጣል፤ ለቆሎ የሚሆነውም ለብቻው ይፈለጋል። ሁሉ ለሁሉ የሚሆን ቢሆን ኖሮ ገበሬው ዘሩን ለይቶ የሚያስቀምጥበት ምክንያት ባነሰ ነበር።

አሁን በፋርጣ ማሳዎች ትሪቲካሌ ተስፋፍቷል። የሞተር ወፍጮ የመፍጨቱን ድካም ቢያስቀርም ፍተጋውን ለሴቲቱ ክንድ ትቶታል፤ ስለዚህ መፈተግ የማያስፈልገውን እህል ብትመርጥ አይፈረድባትም። ዘር ሰብሳቢ ግን የቦታውን ስምና ከፍታ በሚጽፍበት መዝገብ ላይ እህሉ ለየትኛው መብል እንደሚፈለግ ከባለቤቲቱ ጠይቆ ቢጨምር፣ የሚወስደው ናሙና ለምን ተለይቶ እንደኖረ ይታወቃል።