የክረምቱን ጎርፍ ማሳረፍ

ክረምት በገባ ቁጥር በደጋው ከተሞቻችን መንገዱን ጎርፍ ሲሞላው እናያለን። ብዙዎቻችንም «ዘንድሮ ዝናቡ በረታ» ብለን ነገሩን እናልፈዋለን። ነገር ግን የጎርፍ ጉዳት የሚመጣው ከሰማይ ብቻ አይደለም፤ መሬቱን ከያዝንበት ሁኔታም ጭምር ነው።

ይህን በዓይኑ ለማየት የሚሻ ሰው በሐምሌ ወር ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ ወዳለው ወደ ጣራ ገዳም ተራራ ይውጣ። በደኑ ውስጥ ወይራውና ሰሳው ዝናቡን በቅጠላቸው ይቀበሉታል፤ የረገፈውም ቅጠል ይመጠዋል፤ ሥሩ አፈሩን ስለ ከፈተው ውሃው ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ከደኑ ወጥቶ ከብት በረገጠው ራቁት ቁልቁለት ላይ የቆመ እንደ ሆነ ግን፣ ያው ዝናብ አፈር ተሸክሞ ሲወርድ ያገኘዋል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፀዋት መዝግበዋል። አባቶቻችን ለቤተ መቅደሱ ክብር ያቆዩት ደን ለውሃችንም ጠባቂ ሆኖ ተገኝቷል።

ከተማ ግን ከራቁት ቁልቁለት የባሰ ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። እንግዲህ ስፋቱ 50 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣራ፣ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1,000 ሊትር ውሃ ወደ ደጅ ያወርዳል። ይህ ውሃ የመጸዳጃ ጉድጓዱን፣ እበቱንና ጥራጊውን አጥቦ ምንጭ ውስጥ ይጨምረዋል። ተቅማጥ፣ ታይፎይድና የአንጀት ትላትል የሚከተሉት ስለዚህ ነው።

እኛም በዚህ ነገር መሳሳታችንን ልንሸሽግ አይገባንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ተዳፋት ሠፈር ጎርፉ ቶሎ ይወገድ ዘንድ ቀጥ ያለ የድንጋይ ቦይ እንዲሠራ መክረን ነበር። የላይኛው ሠፈር ሰዎች መረቁን። በነሐሴ ግን አንዲት እናት ከታችኛው ሠፈር መጥተው፣ «የእነርሱን ደጅ አደረቃችሁ፤ የእኛን ምንጭ ግን በቆሻሻ ሞላችሁት» አሉን። ሄደን ብናይ እውነታቸውን ነበር፤ ልጃቸውም በተቅማጥ ታሞ ተኝቶ አገኘነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ዳነ። እኛም ጎርፍን ማፍጠን ወደ ጎረቤት ማዛወር መሆኑን ያን ዕለት ተማርን።

ይኸው ነገር በአገርም ደረጃ ይታያል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከጉና ተራራ ወገን የሚወርዱት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ባጥለቀለቁ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል። በውጭ አገርም የኮፐንሃገን ከተማ በሰኔ 2003 ዓ.ም. በወረደ ከባድ ዝናብ ከተጎዳች በኋላ፣ ቱቦ ብቻ እንደማይበቃት ተረድታ መናፈሻዎቿና አደባባዮቿ ውሃን ለጊዜው እንዲያሳርፉ ዕቅድ አወጣች።

ስለዚህ እያንዳንዱ ባለቤት የሚከተለውን ቢፈጽም ይጠቅማል።

1ኛ፤ ለጣራው አሸንዳ ሠርቶ ውሃውን ክዳን ባለው በርሜል ያጠራቅም።

2ኛ፤ ደጁን በሙሉ በሲሚንቶ አይሸፍን፤ ለሣርና ለተክል ቦታ ይተው።

3ኛ፤ በግቢው ዝቅተኛ ስፍራ ጥልቀት የሌለው ማሳረፊያ ቆፍሮ ሣር ይትከልበት። ማሳረፊያው ከግድግዳና ከመጸዳጃ ይራቅ፤ ከቤትም በላይ አይሁን። ውሃው በ2 ቀን ውስጥ ካልሰረገ ትንኝ ይፈለፈልበታልና ይስተካከል።

4ኛ፤ መጸዳጃ ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ በታችና ቢያንስ በ30 ሜትር ርቀት ይቆፈር።

5ኛ፤ ሠፈርተኛው ተባብሮ በቦረቦሩ የድንጋይ ክትር፣ በላዩ ቁልቁለት እርከንና አገር በቀል ዛፍ ያኑር።

ያን ቦይ ከሁለቱም ሠፈር ሰዎች ጋር ሆነን በየመካከሉ ክትር ሠራንለት፤ ዳርና ዳሩንም ሣር ተከልንበት። በተከታዩ ክረምት ውሃው ረጋ ብሎ ወረደ። የምንጩ ውሃ ግን ዛሬም ሳይፈላ አይጠጣም፤ በአንድ ክረምት የተበላሸ ነገር በአንድ ክረምት አይጠራምና። እንግዲህ ሰኔ ሳይገባ ዶማችንን እናንሣ።