አጥቢያ ኮከብ ላይ ጀሶ አለ?

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ሌሊት ተረኛ ስሆን አጥቢያ ኮከብ ስትወጣ ደስ ይለኝ ነበር። ሊነጋ ነው፣ ተረካቢዋ ልትመጣ ነው ማለት ነውና። በቅርቡ ማለዳ ላይ ከልጅ ልጄ ጋር በሐይቅ ዳር ስንሄድ ኮከቧን አሳየሁት። "እማማ፣ እሷ እኮ ኮከብ አይደለችም፤ ቬነስ የምትባል ፕላኔት ናት። ለምንድን ነው እንደዚያ የምትሞቀው?" አለኝ። "ዝም ብለህ ተራመድ" አልኩት።

ቤት ስገባ ጸጸተኝ። በሥራ ዘመኔ እንዳየሁት፣ ሲጠይቅ ዝም የሚባል ልጅ ውሎ አድሮ ሕመሙንም ይደብቃል። ስለዚህ መጽሐፍ ገለጥኩ።

ቬነስ በመጠን ምድራችንን ትቀርባለች። የገጿ ሙቀት ግን 460 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ እርሳስ ያቀልጣል። ከአየሯ ከመቶ 96 እጁ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ ሙቀቱን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ይይዘዋል።

ይህ ጋዝ በእኛ ምድር ለምን እንዲህ አልበዛም? መልሱ እግራችን ሥር ነው። የአምባሰል ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው። ዝናብ ጋዙን ከአየር ይዞ ይወርድና እንዲህ ያለውን ድንጋይ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ከድንጋዩ የወጣው ካልሲየምም ከጋዙ ጋር ተጣምሮ በመጨረሻ ባሕር ወለል ላይ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። ቬነስ ላይ ዝናብ ስለሌለ ጋዙን የሚያስር የለም።

እዚያም ቢሆን አየሩና ድንጋዩ ዝም አይባባሉም። በ1974 ዓ.ም. ቬነስ ላይ ያረፈችው የሶቪየት መንኮራኩር ቬኔራ 13 በሙቀቱ ከመሞቷ በፊት ለ127 ደቂቃ ሠርታ፣ አፈሩ ከእኛው ጥቁር ድንጋይ ጋር እንደሚመሳሰል አሳይታለች። በአየሯ ውስጥ ደግሞ ክብሪት ሲጫር አፍንጫ የሚሰነፍጠው የድኝ ጋዝ አለ። ተመራማሪዎች ጥቁር ድንጋይን በቤተ ሙከራ በዚህ ዓይነት ጋዝና ሙቀት ውስጥ ሲያቆዩት ላዩ ላይ ካልሲየም ሰልፌት ይወጣል። ይህም ስብራት የምናስርበት ጀሶ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ውሃ የሌለው መሆኑ ነው።

በማግስቱ ይህንኑ ነገርኩት። ጥቂት አሰበና "ታዲያ ውሃዋ የት ሄደ?" አለኝ።

አሁን ዝም በል አላልኩትም። ሳይንቲስቶች እንደሚሉት ውሃዋ በሙቀት ተነነ፣ የፀሐይ ብርሃንም ሰነጣጠቀው፣ ሃይድሮጂኑም ወደ ጠፈር አመለጠ። ይህን ስነግረው ወደ ሐይቁ ዞሮ ብዙ ቆየ።