ለጌም ኮምፒውተር የቱ ዕቃ ላይ ይቆጠብ፣ የቱ ላይ አይሰሰት?

የጌም ኮምፒውተር ተገጣጥሞ ያለቀ መግዛት ይቻላል። ዕቃውን ለየብቻ ገዝቶ ማስገጣጠምም ይቻላል። ሁለተኛው መንገድ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ለእርስዎ ይተዋል። ጥቅሙ ይህ ነው፤ ጣጣውም ይኸው ነው። ብዙ ሰው ፕሮሰሰር ከመምረጥ ይጀምራል። ከሞኒተሩ ቢጀምሩ ግን ብዙ ወጪ ይቀርልዎታል።

ለምን ከሞኒተር?

ብዙ ቤት ያለው ሞኒተር ፉል ኤችዲ የሚባለው ነው። ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ነጥብ አለው፤ በድምሩ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ነው። ጌም ሲጫወቱ ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ ነጥብ ደጋግሞ ይሥላል። አንዱ ሙሉ ሥዕል «ፍሬም» ይባላል። በሰከንድ 60 ፍሬም ካገኙ ጨዋታው ሳይቆራረጥ ይሄዳል።

ቀጥሎ ያለው የሞኒተር ደረጃ 2560 በ1440 ነው። ነጥቡ ከፉል ኤችዲ በ78 በመቶ ይበልጣል፤ ሥራውም በዚያው ልክ ይከብዳል። ስለዚህ አቅምዎ ውስን ከሆነ ፉል ኤችዲ ይበቃዎታል።

የምጫወተው ጌም ለውጥ ያመጣል?

በጣም። ጂቲኤ 5 ለኮምፒውተር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ያኔ የተመከረለት ባለ 2 ጊጋባይት ግራፊክስ ካርድና 8 ጊጋባይት ራም ነበር። አሁን ለሚወጡ ትልልቅ ጌሞች ግን 8 ጊጋባይት የግራፊክስ ሜሞሪና 16 ጊጋባይት ራም ቢያስቡ ይሻላል። የሚወዷቸው ጌሞች የቆዩ ከሆኑ ለማይጠቀሙበት አቅም አይክፈሉ።

ትልቁ ገንዘብ የት ይግባ?

ግራፊክስ ካርድ ላይ። ሥዕሉን የሚሠራው እሱ ነው። ከሞኒተሩ ውጪ ካለው ወጪ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚጠጋው ለእሱ ቢውል አይቆጭም። ሁለተኛው ፕሮሰሰሩ ነው፤ የጌሙን ሕግ፣ የተጫዋቾቹን እንቅስቃሴና ሒሳቡን ይሠራል።

ሁለቱ የተመጣጠኑ መሆን አለባቸው። አንዱ በሬ ከደከመ ጥማዱ በደካማው ፍጥነት እንደሚያርስ ሁሉ፣ ውድ ካርድ ከአሮጌ ፕሮሰሰር ጋር ሲጠመድ አቅሙ ባክኖ ይቀራል።

ለፉል ኤችዲ የሚመጣጠን አንድ ጥንድ ልጥቀስ፦ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰርና ራዲዮን አርኤክስ 6600 ካርድ። ሁለቱም የኤኤምዲ ናቸው። ፕሮሰሰሩ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ 199 ዶላር ነበር። ባለ 8 ጊጋባይቱ ካርድ ደግሞ በ2021 በ329 ዶላር ወጣ። አዲስ ስላልሆኑ ያገለገሉትን ማግኘት ይቻላል። ከኢንቴል በኩል ኮር አይ3 12100ኤፍ ርካሽ አማራጭ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤፍ» ግን የራሱ ግራፊክስ የለውም ማለት ናት። ያለ ካርድ ሞኒተሩ ላይ ምንም አያወጣም።

ማዘርቦርድ ውድ መሆን አለበት?

የለበትም። ማዘርቦርድ ሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ ነው። ውድ ስለሆነ ፍሬም አይጨምርም። ዋናው ነገር የፕሮሰሰሩ መቀመጫ መግጠሙ ነው። ራይዘን 5600 ኤኤም4 በሚባለው መቀመጫ ላይ ይቀመጣል፤ ቢ450 ወይም ቢ550 የሚል ሰሌዳ ይበቃዋል። ቢ450 ከገዙ ግን ባዮሱ መታደሱን ሻጩን ይጠይቁ። ባዮስ ሰሌዳው ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው ፕሮግራም ነው። ካልታደሰ አዲሱን ፕሮሰሰር አያውቀውም፤ ኮምፒውተሩም አይነሣም።

ራምና ማከማቻስ?

ራም ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ነው። 16 ጊጋባይት ሲገዙ አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ይግዙ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ መረጃ የሚያልፍበት መንገድ እጥፍ ይሆናል። ከተገጠመ በኋላ ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚለውን እንዲያበሩልዎ ይጠይቁ። ካልበራ ራሙ ከተከፈለበት ፍጥነት በታች ይሠራል። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ወዲህ የራም ዋጋ ንሯል፤ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ምርቱን እየተሻሙ ነው። ስለዚህ በእጅዎ ዲዲአር4 የሚባለው የራም ዓይነት ካለ አይጣሉት።

ማከማቻው ኤስኤስዲ ይሁን፤ ይህ እንደ ድሮው ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ነው። ሳታ የሚባለው ዓይነት በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ጌም ላይ ያላቸው ልዩነት ግን ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ሳታው በዋጋ ከረከሰ ይውሰዱት። አንድ ትልቅ ጌም 100 ጊጋባይት ሊይዝ ስለሚችል ከ500 በታች አይግዙ።

የማይሰሰትበት የትኛው ነው?

ፓወር ሰፕላይ። የግድግዳውን 220 ቮልት ዕቃዎቹ ወደሚፈልጉት ዝቅተኛ ቮልት የሚለውጠው ሣጥን ነው። ርካሹ ሲቃጠል ሌላውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ስንት ዋት ይበቃል? አርኤክስ 6600 እስከ 132 ዋት ይወስዳል፤ ራይዘን 5600 ደግሞ 76 ዋት ገደማ። ሌላው ተደምሮ ከ300 ዋት አያልፍም። ስለዚህ ከታወቀ አምራች የተገዛ 500 ወይም 550 ዋት ይበቃል። ላዩ ላይ ያለው «80 ፕላስ» ኃይል እንደማያባክን ይናገራል እንጂ ጥራቱን አያረጋግጥም።

ከአሜሪካ ዘመድ ፓወር ሰፕላይ ሊልክልዎ ከሆነ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። 100–240 ቮልት የሚል ከሆነ እዚህ ይሠራል። ከኋላው ትንሽ ቀይ መቀየሪያ ያለበት ዓይነትም አለ፤ 115 እና 230 የሚል ተጽፎበታል። 115 ላይ እንዳለ ቢሰኩት ጧ ብሎ ይቃጠላል። ሳይሰኩት በፊት ወደ 230 ያዙሩት።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ዩፒኤስ ለሚባለው ባለ ባትሪ መጠባበቂያ ጥቂት ገንዘብ ይያዙ። 650 ቪኤ የሚባለው ትንሹ ከ400 ዋት በታች የሚችል ነው። ጌሙን አስቀምጠው በወጉ የሚያጠፉበት ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ አይጠብቁበት። የኤሌክትሪክ ፍጆታውስ? 250 ዋት የሚወስድ ኮምፒውተር በአራት ሰዓት ጨዋታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል።

ያገለገለ ካርድ ስገዛ ምን ልይ?

መጀመሪያ ስሙን አይመኑ። ጂቲ 1030 የሚባለው የኤንቪዲያ ካርድ በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ነው። ጂዲዲአር5 ሜሞሪ ያለው በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ዲዲአር4 ያለው ግን 17 ያህል ብቻ ነው። ካርቶናቸው ይመሳሰላል፤ ጨዋታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ሁለተኛ፣ አስመስለው የሚሠሩ ካርዶች አሉ። አሮጌውን ካርድ በአዲስ ስም እንዲታይ ያደርጉታል። ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘው ይሂዱ፤ የካርዱን እውነተኛ ማንነት ያሳያል። ከዚያ ሻጩ ፊት አንድ ከባድ ጌም ለሩብ ሰዓት ያጫውቱ። ስክሪኑ ላይ እንግዳ መስመር ከታየ ወይም ኮምፒውተሩ ከጠፋ ካርዱን ይተዉት።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃስ?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ራይዘን 5 5600ጂን መግዛት ነው። የራሱ ግራፊክስ ስላለው ቀላል ጌሞችን ያለ ካርድ ያጫውታል፤ ካርዱን በሌላ ጊዜ ይጨምራሉ።

ሁለተኛው ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ካርድ መጨመር ነው። ስምንተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጉ፤ ዊንዶውስ 11 ከዚያ በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። ለዚህ የሚስማማው ጂቲኤክስ 1650 ነው። የሚወስደው 75 ዋት ነው፤ ብዙዎቹ ዓይነቶች ኃይሉን በቀጥታ ከሰሌዳው ስለሚያገኙ ተጨማሪ ገመድ አይፈልጉም። ቢሆንም የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ስንት ዋት እንደሆነ ያንብቡ። ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሣጥን) ቀጭን ከሆነም አጭሩን ካርድ ይጠይቁ፤ ረጅሙ አይገባም።

መቼ ልግዛ?

ዕቃው ሁሉ ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው ዶላርን ይከተላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ባለፈው ወር የሰሙት ዋጋ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ከሁለት ሦስት ሱቅ በአንድ ቀን ዋጋ አስጽፈው ያወዳድሩ። ፕሮሰሰር፣ ራምና ኤስኤስዲ ቀላል ስለሆኑ ከዱባይ የሚመጣ ሰው በሻንጣ ሊይዛቸው ይችላል፤ ቀረጡን ግን አስቀድመው ይጠይቁ። ከባዶቹን ኬዝና ፓወር ሰፕላይ እዚሁ መግዛት ይሻላል፤ ቢበላሹ የሚመልሱበት ሱቅ ቅርብ ነው። ዋስትናውንም ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ።